ባዶውን የዞረው መፍጫ

የጥራት ተቆጣጣሪው ሬሳ ከጋዝ ክፍሉ ወለል ላይ ገና ሳይነሳ፣ በሥጋ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የነበረው ትልቁ ጭንቀት ወሬው አጥር እንዳይሻገር ነበር። ሰዎቹን ለማማት የምናገረው አይደለም። መርማሪዋ ስትደርስ ዘበኛው የግቢውን በር በግማሽ ብቻ ከፍቶ «ቶሎ ይግቡ፣ ሰው እንዳያይ» አላት፤ የፋብሪካው ባለቤትም እጇን ጨብጦ አስቀድሞ የጠየቃት ነገሩ ከጋዜጠኛ ጆሮ ይደርስ እንደሆነ ነው። የሞተው የእህቱ ባል መሆኑን የነገራት ከዚያ በኋላ ነበር፤ ሲነግራትም መሬት መሬቱን እያየ ነው።

መርማሪዋ ሞላ ያለች፣ አንድ ጉልበቷን የሚያማት፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «ዝግታ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ግን ግድ የላትም። ሩጫ ካስፈለገ አብሯት የሚዞር ወጣት ሳጅን አለ። እሷ አንድ ክፍል ስትገባ መቀመጫ ትፈልግና፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሰልችቶት እስኪወጣ ድረስ ዙሪያዋን ታያለች።

ፋብሪካው የሚያወጣው የተፈጨ ሥጋ ነው። ጥሩው ሥጋ ሲፈጭ ታዲያ አንድ ሌላ ነገር ይደባለቅበታል። ከአጥንትና ከስብ ላይ የተፋቀ ቁርጥራጭ ሞቅ ተደርጎ ስቡ ይለያል፤ በቀረው ላይ ጀርሙ እንዲሞት በጋዝ ክፍሉ ውስጥ የአሞኒያ ጋዝ ያልፍበታል፤ ከቱቦው ሲወጣ ሮዝ ሊጥ ይመስላል። የከለከለው ሕግ የለም፣ በልቶት የታመመ ሰውም አልተሰማም። ማሸጊያው ላይ ግን አልተጻፈም። በቅርቡ ቴሌቪዥን ያንን ሮዝ ሊጥ ከቱቦው ሲዘረገፍ አሳየና አገር ምድሩ ተጸየፈው፤ «ማስቲሽ» ብሎም ስም አወጣለት። መርማሪዋ ራሷ ያን ዕለት ከማቀዝቀዣዋ ውስጥ የተፈጨውን ሥጋ አውጥታ ጥላለች። ለዓመታት «የእነዚህን የሚያህል የለም» እያለች ስትበላው የኖረች ሴት አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቅ መጣሏ፣ ኋላ ላይ ትንሽ አሳፍሯታል።

የሟቹ ሚስት የፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ ናት፤ የፋብሪካው ባለቤት ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። ገበያው ሲሞት መላ የዘየደችው እሷ ናት። የጉብኝት ቀን አዘጋጅታ ባለሱቆችን፣ የቤት እመቤቶችንና አንድ ጋዜጠኛ ጠራች። ሁሉን ያያሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ሄደውም አፋቸውን ሞልተው ይመሰክራሉ። የማያዩት የጋዝ ክፍሉን ብቻ ነበር። እንግዶቹ መጡ፣ ዞሩ፣ ቀመሱ፣ አመስግነው ሄዱ። ከዚያ «ሞተር» የሚሉት የመፍጫው ሠራተኛ የጋዝ ክፍሉን ሲከፍት ተቆጣጣሪውን በሩ ሥር ተዘርሮ አገኘው።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ ባለቤቱ። «ይኼ ሁሉ ስድብ ሲወርድበት ምን ያድርግ? ጋዙን ያመጣው እሱ፣ ማሽኑን ያስተከለው እሱ። በሄደበት ሁሉ ‹ባለማስቲሹ› ይሉት ነበር። አፍሮ ነው።»

«ሳያውቅ ገብቶ ሊሆን አይችልም?»

«እሱ? ኢንስፔክተር፣ ይኼን ሰው እኮ ‹አፍንጫው› ነው የምንለው። ሥጋው ከታረደ ስንት ቀን እንደሆነው በማሽተት ይነግርዎታል። ጋዝ የሞላበት ክፍል ሳያውቅ ገባ ማለት፣ ዓሣ ውኃ ውስጥ ሰጠመ ማለት ነው።»

መርማሪዋ አልተከራከረችም። ጋዙ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ወደ ክፍሉ ገብታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ጠባብ ነው። የጋዙ ቫልቭ ሁልጊዜም ትንሽ ትንሽ እንደሚያፈስ ሠራተኞቹ ሁሉ ለሳጅኑ ነግረውታል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እየሳበ ስለሚያወጣው ማንም አልተጨነቀበትም። ማራገቢያው አሁንም ይዞራል። መርማሪዋ ማራገቢያውን አስጠፍታ ሳጅኑ ምላጮቹን እንዲያይ ጠየቀችው። የጆንያ ክር ተጠምጥሞባቸዋል፤ ክሩ ገና እርጥብ ነበር።

ከሬሳው አጠገብ ነጭ ትሪ ተቀምጧል፤ ለእንግዶች መቅመሻ ከቀረቡት ትሪዎች አንዱ ነው። ላዩ ላይ ሮዙ ሊጥ በማንኪያ እየተቆነጠረ በሥርዓት ተደርድሯል፤ ከጎኑ የታጠፈ ሶፍት አለ። የሟቹ ቀኝ መዳፍ ነጭ ቀለም ነክቶታል። የሁለቱም ቡጢዎቹ ጎን ተልጦ በልዟል።

«ሲወድቅ ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«ሰው በሁለት ቡጢው አይወድቅም» አለችው።

ከዚያ ተነስታ በሩን አየችው። ብረት ነው፤ ለእንግዶቹ ክብር ሲባል በዚያው ዕለት ማለዳ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። በውጭ በኩል፣ በደረት ልክ፣ በሩ ሲከፈት በሚያዝበት ጠርዝ ላይ፣ አምስት ጣት የታተመበት ቦታ አለ። ክብ የሆነች ትንሽ መስታወት አለችው፤ የመብራቱ ማብሪያ በውጭ በኩል ነው፤ መቀርቀሪያውም በውጭ። ከውስጥ የሚገፋ እጀታ ቢኖርም ከውጭ ከተቀረቀረ አይሠራም። ሞተር ግን በሩን ሲከፍት እንዳልተቀረቀረ ምሎ ተገዝቶ ተናግሯል።

ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ጥግ ላይ፣ አንድ ትልቅ ባነር ተጠቅልሎ ቆሟል። ሲዘረጉት ለምለም ሜዳ ላይ የምትግጥ ላም ወጣች፤ ሳቅ ያላት ላም ናት። መርማሪዋ ግን ላሟን አላየችም። «ገልብጠው» አለችና ጀርባውን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች። ሳጅኑ ያየው የተለጠፈ ነጭ ቀለም ብቻ ነበር።

የሟቹ ቢሮ አንዲት ጠረጴዛና አንድ መስኮት ናት። ጠረጴዛው ላይ ሻይ የያዘ ፔርሙዝ አለ። መርማሪዋ ክዳኑን ከፍታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ፊቷን አዞረች። ለሳጅኑ ሰጠችው፤ እሱማ ወደ ኋላ ሄደ። ሻዩ ውስጥ ያለው ወተት ኮምጥጦ ረግቷል።

«ግማሹን ጠጥቶታል» አለች፤ ክዳኑንም ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

ሞተር ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ዕድሜውን ከመፍጫው ጎን ስለፈጀ ጆሮው ከብዶ፣ ሲያወራ ማሽን የተነሳ ይመስላል። ምስጢር ሲያንሾካሹክ ሦስተኛው ቤት ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ቀን ግን ድምፁ ወርዶ ነበር፤ የጸዳውን መፍጫ ደጋግሞ ይወለውላል። መርማሪዋ የብረት መጣያው ላይ ዓይኗን አሳረፈች። ሥጋው ተፈጭቶ የሚወጣበት ወንፊት እዚያ ተጥሏል፤ ፊቱ በሙቀት ጠቁሮ ሰማያዊ ሆኗል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ተቃጠለ።»

«ምን ያቃጥለዋል?»

«ባዶውን ሲዞር ነዋ። ሥጋው ነው እኮ የሚያለሰልሰው። ሥጋ ከሌለ ቢላዋውና ወንፊቱ ብረት ለብረት ይፋጫሉ።»

«ለእንግዶቹ የሚፈጨው ሥጋስ?»

«ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። በኋላ ነበር የሚፈጨው።»

«ታዲያ ባዶውን ማን አስነሳው?»

ሞተር ጨርቁን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ። እሱው እንዳስነሳው፣ ተሳስቶ እንደሆነ ተናገረ። በመፍጫ ላይ ያረጀ ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት ይሠራል ወይ ብላ ብትጠይቀው ዞሮ መፍጫውን እንደገና መወልወል ጀመረ። ስለ ሟቹ ስትጠይቀው ግን ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

«እንደሱ የሚያስተምር የለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህማ ሥጋ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እንዳሸት የሚጠይቀው እኔን ነበር። ‹ምን ይሸትሃል?› ይለኛል። የነገርኩትን ሰምቶ ‹ትክክል› ይላል። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ ይህን ሰምታ አመሰገነችው። ሞተር ለምን እንደተመሰገነ አልገባውም።

በማግስቱ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን በጥንቃቄ አስይዛ ተቀበለቻት። የምትናገረው በልክ ነው። ባሏ ከቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ሰው መሸሽ እንደጀመረ፣ እሷም በሥራ ተጠምዳ ጉዳቱን ሳታስተውል እንደቀረች ነገረቻት። ንግግሩ ለገዢ የሚቀርብ ያህል የተስተካከለ ነበር። ስለ ባነሩም ተጠየቀች፤ ማለዳ፣ ማንም ወደ ክፍሉ ሳይገባ፣ በገዛ እጇ በጋዝ ክፍሉ በር ላይ እንደሰቀለችውና እስከ መጨረሻው ማንም እንዳልነካው መለሰች።

ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ክፍሏ ውስጥ ግድግዳውን ትይዩ ተኝታ ነበር። መርማሪዋ ገብታ ወንበር ስትስብ ልጅቷ ሳትዞር ተናገረች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

መርማሪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷም ቀስ በቀስ አወጣችው። ትምህርት ቤት ስታልፍ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። «የማስቲሽ ልጅ» ይሏታል። መምህር የአባቷን ሥራ ሲጠይቃት ውሸት እስከመናገር ደርሳለች። አባቷ በሞተበት ቀን ማለዳ ቁርስ ላይ ግን ሁሉም ነገር አንገሸገሻት።

«‹የአንተ ልጅ ነኝ ማለት ያሳፍረኛል› አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ዝም ብሎ የወተቱን ዕቃ ሰጠኝ።»

«ለምን?»

«እንዳሸትለት። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሸትለት። ጉንፋን ይዞኛል ይላል፤ ጉንፋኑ ለቆት አያውቅም። ለማንም አትንገሪ፣ ይስቁብኛል ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን እምቢ አልኩት። ሻዩ ላይ ጨምሮት ፔርሙዙን ይዞ ወጣ። በኋላ እማዬ ስታየው ወተቱ ተበላሽቷል፤ ደፋችው።» ልጅቷ ትራሱን አቀፈች። «ሄዶ ራሱን ገደለ። እኔ ስላልኩት ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ይኼን ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«አጠገባችን ነበረች። በኋላም እኔ ነኝ የገደልኩት ስላት ራሴን ዳሰሰችኝ።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም።»

መርማሪዋ ከዚያ ቤት ስትወጣ ጉልበቷን ረስታው ነበር፤ ደረጃውን በቁጣ ነው የወረደችው። ሳጅኑ መኪናውን እያስነሳ ፋይሉ ራሱን አጠፋ ተብሎ ቢዘጋ ሁሉም እንደሚገላገል ተናገረ። ባለቤቱ ፋብሪካውን ያድናል፣ ሚስትየውም ሐዘኗን ትቀመጣለች።

«ልጅቷስ?» አለችው።

ሳጅኑ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን አንቀሳቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉንም በፋብሪካው የመቅመሻ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ባለቤቱ፣ እህቱና ሞተር በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ልጅቷም ተጠርታ ስለነበር እናቷ ተቃወመች።

«ልጅ እኮ ናት» አለች።

«ልጅ ናት፤ የጠራኋትም ለዚህ ነው» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወንበሯን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጀመረች። «ሁላችሁም አንድ ነገር ትላላችሁ። አፍንጫው ጋዝ አያመልጠውም፤ ስለዚህ አውቆ ነው የሞተው። እኔ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ሻይ አገኘሁ። ወተቱ ኮምጥጦ ክዳኑን ስከፍት ፊቴን አስዙሮኛል። እሱ ግን ግማሹን ጠጥቶታል።»

ማንም አልተናገረም።

«ቤት ውስጥ ወተቱን የምታሸትለት ልጁ ናት፤ ያን ቀን ብቻ አላሸተተችለትም። እዚህ ሥጋውን የሚያሸትለት ሞተር ነው፤ እየተማረ መስሎት። ሰውየው ማሽተት ካቆመ ቆይቷል። ከዚህ ጋዝ ጋር ስንት ዓመት ኖሯል፤ ይኼ ፋብሪካ የአንዱን ጆሮ፣ የአንዱን አፍንጫ ወስዷል። ለማንም አልተናገረም። ስሙም እንጀራውም አፍንጫው ነበርና አፈረ።»

ሞተር እጁን አፉ ላይ አደረገ። ስንት ጊዜ «ትክክል» እንደተባለ ሳያስታውስ አልቀረም።

«ደህና» አለ ባለቤቱ በደረቀ ድምፅ፣ «አልሸተተውም እንበል። ጋዙስ ከየት መጣ? ማራገቢያው ያወጣዋል።»

«ማራገቢያው ላይ እርጥብ የጆንያ ክር ተጠምጥሟል። ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን ወይስ እኔ?»

ባለቤቱ ወደ ሞተር፣ ሞተርም ወደ ጠረጴዛው አየ። ከዚያ ባለቤቱ ተናገረ።

«ለአንድ ጠዋት ብቻ ነበር። እንግዶቹ ግቢ ሲገቡ የአሞኒያው ሽታ እንዳይቀበላቸው ብዬ ነው። ማራገቢያውን አጠፋሁት፤ ጆንያ ነክረን ቀዳዳውን ደፈንነው። ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ አፈርኩ። ለእሱም አልነገርኩት። እሱ እኮ ገና በሩን ሲከፍት ይሸተዋል ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አለ ሞተር። «እሱን ካገኘሁት በኋላም አውጥቼ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ጋዙ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠራቀም ቆይቶ፣ ጤነኛ አፍንጫ ያለው ሰው ከደፍ የማያልፈው ክፍል ውስጥ ሰውየው ዘው ብሎ ገባ። ለምን ገባ? ለእንግዶች መቅመሻ የሚቀርብበትን ትሪ ይዞ ነበር፤ ሮዙን ሊጥ እየቆነጠረ አሳምሮ ደርድሮበታል፤ ሶፍት እንኳ አጥፏል። ሊሞት የገባ ሰው ለእንግዳ ትሪ አያሰናዳም። ሊያቀርብላቸው ነበር። ይህን ስትናገር ልጅቷ ከተደገፈችበት ግድግዳ ቀና አለች።

«አፍንጫው ባይሠራም ዓይኑና ጉሮሮው ይሠራሉ» ስትል ቀጠለች። «ሲያቃጥለው ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ገፋ። በሩ እምቢ አለው፤ ከውጭ ተቀርቅሯል።»

«አልተቀረቀረም ነበር» አለ ሞተር። «እኔ ስከፍተው እኮ—»

«አንተ ስትከፍተው አዎ። ከዚያ በፊት ግን ቡጢው እስኪላጥ መቶታል። አሁን ባነሩን አምጣው።»

ሳጅኑ ባነሩን ጀርባውን ወደ ሰዎቹ አዙሮ ዘረጋው። የበሩ እርጥብ ቀለም በጨርቁ ላይ ታትሟል። በነጩ መካከል ቀለም ያልነካው ቦታ አለ፤ አምስት ጣት።

«በሩ ላይ የሟቹ እጅ ታትሟል፤ ሲከፍተው እርጥቡን ቀለም ነክቶ ቀለሙ መዳፉ ላይ ቀርቷል። የዚያው እጅ ቅርጽ ባነሩ ላይም አለ። ባነሩ ከእሱ በፊት ተሰቅሎ ቢሆን ባነሩ ላይ እጅ አይኖርም ነበር፤ እሱም ባነሩን ሳያወርድ በሩን መክፈት አይችልም ነበር። ስለዚህ ባነሩ የተሰቀለው እሱ ከገባ በኋላ ነው። በራችሁ ክብ መስታወት አለችው፤ መብራቱም በርቷል። ባነሩን የሰቀለ ሰው ያቺን የበራች መስታወት ፊት ለፊቱ እያየ ነው የሸፈናት። እመቤቴ፣ በገዛ እጄ ሰቀልኩት፣ ማንም አልነካውም ብለውኛል።»

የሟቹ ሚስት ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣ ነበር። «ውስጥ መሆኑን አላወቅሁም» አለች።

«እንግዶቹ ኮሪደሩ ላይ ሳሉ በሩ ሲመታ ግን እርስዎ ሰምተዋል። ጋሼም ሰምተዋል።»

ባለቤቱ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ቧንቧ መስሎኝ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ቧንቧ ይሁን ብዬ ነው» አለ።

«ከዚያ መፍጫው ተነሳ፤ ድምፁ ሁሉን ዋጠው። ሥጋ ሳይኖርበት፣ ወንፊቱ እስኪቃጠል ዞረ። ሞተር፣ አንተ ጆሮህ ከብዷል፤ የበሩን መመታት አልሰማህም፣ እሱን አምንሃለሁ። መፍጫ ባዶውን እንደማይነሳ ግን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን አስነሳ አለህ?»

ሞተር የሟቹን ሚስት አየ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«እትዬ፣ በእጅዎ እንዲህ አሉኝ» አለ፤ ጣቱን በአየር ላይ አዞረ። «ባዶ ነው ስልዎት ደግመው እንዲህ አሉኝ። ለእንግዶቹ ሊያሳዩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ‹ሂድ ክፈትለት› ብለው ሲልኩኝ ነው የገባኝ። ‹ክፈትለት› ሲሉ ውስጥ ሰው እንዳለ እንዴት አወቁ?»

ሴትየዋ ስትናገር ያ የተስተካከለ ንግግሯ አልነበረም።

«ትሪውን ይዞ ሲገባ አየሁት። ‹ዛሬ ነግሬያቸው ልገላገል። እያወቁ ይብሉ፣ ካልፈለጉም እያወቁ ይተዉት፤ ልጄ ታፍርብኛለች› አለኝ። እንግዶቹ በር ላይ ደርሰዋል። ጋዜጠኛ አለ። አበድክ ወይ አልኩት። ቀረቀርኩበት። እስኪሄዱ ብቻ ነበር። ሽታ ቢኖር አይገባም ነበር፤ እሱ ከገባ አየሩ ደህና ነው ብዬ ነው። ሲመታ የተናደደ መሰለኝ። ይናደድ አልኩ። ሲሄዱ መቀርቀሪያውን አነሳሁለት፤ ፊቱን ማየት ግን አቃተኝ። ሞተርን ላክሁት።»

«መግደል እንዳልፈለጉ አምናለሁ» አለች መርማሪዋ። «በሩን መቀርቀርዎን፣ ያንን መፍጫ ማስነሳትዎን ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነው። ሲመታ እንደነበር፣ ሊወጣ ይለምን እንደነበር በእርግጠኝነት የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ልጅዎ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ስትልዎ ራሷን ዳሰሱና ዝም አሉ።»

ሴትየዋ ይህን ጊዜ ነው የተሰበረችው። ልጅቷ ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ ነበር።

«ሰማሽው፣ እማዬ?»

«ሰማሁት።»

«ብዙ መታ?»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። «ብዙ መታ» አለች።

ልጅቷ አልጮኸችም። መርማሪዋን ዞራ አየቻት፤ ፊቷ ላይ እፎይታም ሐዘንም እኩል ነበር፣ በየትኛው እንደምታለቅስ የምታውቅ አትመስልም። መርማሪዋ ለዚህ የሚሆን ቃል ስትፈልግ የመጣላት ያው እውነቱ ነበር።

«ሊሞት የፈለገ ሰው በር አይመታም፣ የኔ ልጅ። አባትሽ ሊወጣ ይፈልግ ነበር።»

ሴትየዋን ይዘው ሲወጡ የግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ወሬው አጥሩን ከተሻገረ ሰንብቷል። የጉብኝቱ ቀን የመጣው ጋዜጠኛም ከፊት ቆሟል፤ ያን ቀን ሥጋውን ቀምሶ ያሞገሰ ሰው ስለሆነ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር። ሴትየዋ ነጩን የሥራ ጋዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ መኪና ውስጥ ገባች። አንዳንዱ አፍንጫውን በመሃረብ ይዟል፤ ሽታ ግን አልነበረም።

ባለቤቱ የእህቱን ልጅ በክንዷ ይዞ በጓሮ በኩል እንድትወጣ፣ ሰው እንዳያያት ለመናት። ልጅቷ ክንዷን በቀስታ አስለቀቀችና በዋናው በር ወጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ጋዜጠኛው ማንነቷን ጠየቃት።

«የአፍንጫው ልጅ ነኝ» አለች። ከኋላ ያሉትም ሰምተዋታል። «ባለማስቲሹ የምትሉት አባቴ ነው። ያን ቀን ሊነግራችሁ ነበር፤ እኔ ልንገራችሁ። ከአጥንትና ከስብ ላይ የሚፋቅ ቁርጥራጭ ነው። ጀርሙ እንዲሞት ጋዝ ያልፍበታል። አይመርዝም፣ እኛም ቤት እንበላዋለን። ማሸጊያው ላይ ያልጻፍነው አፍረን ነው።»